«እየተከፈለህ ሽርሽር» ላለን ወንድም

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ጽሑፍ ለየብቻ ላኩልኝ። ሦስቱም ከሥሩ ያው ጥያቄ ጽፈዋል፦ «አንተ እኮ እዚያ ነበርክ፣ እውነት ነው?» ጽሑፉ ስለ ክሩዝ መርከብ፣ ማለትም ሽርሽረኛ ጭኖ ስለሚዞር የመዝናኛ መርከብ፣ ሥራ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። የክሩዝ ሥራ እየተከፈለህ ሽርሽር ነው። ዓለምን ትዞራለህ። ምግብና መኝታ ነጻ ነው። የሥራ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ሕግ የተገደበ ነው። ገንዘቡ ቤት ይሠራል። ጭንቀት፣ ድብርት ምናምን የሚሉት ሥራ የማይወዱ ሰዎች ናቸው። አንድ ነገር ቢደርስብህ ደግሞ አሜሪካ ፍርድ ቤት አለ። መጨረሻው ላይ የስልክ ቁጥር ተቀምጧል። ወደ ስልክ ቁጥሩ በኋላ እመለሳለሁ።

ጸሐፊውን አላውቀውም። ከአጻጻፉ እኩያዬ ይመስለኛልና «አንተ» እያልኩ ልቀጥል፤ ታላቄ ከሆንክ ይቅርታ። እኔ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ፣ ከዚያ ዱባይ ሦስት ዓመት ሠራሁ፣ ከዚያ ከማያሚ እየተነሳ ካሪቢያንን የሚዞር መርከብ ላይ ሁለት ኮንትራት ጨረስኩ። አንዱ ስምንት ወር፣ ሌላው ሰባት ወር ተኩል። የመርከቡንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም። ለነገሩ ከሌላ መርከብ ልጆች ጋር ወደብ ላይ ተገናኝተን ስናወራ ልዩነቱ የምንጣፉ ቀለም ብቻ ነበር።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልቀበልህ። ገንዘቡ ውሸት አይደለም። የእናቴን ቤት ጣሪያ የቀየርኩት፣ የእህቴን ኮሌጅ የከፈልኩት በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ማንም እንዳይሄድ» ብዬ አይደለም የምጽፈው። ጽሑፍህ ልጁ ከመፈረሙ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ስለዘለለ ነው።

«ዓለምን ትዞራለህ»

መርከቡ ይዞራል። እኔ ውስጡ ነኝ።

የሜክሲኮዋ ደሴት ኮዙሜል ከሃያ ጊዜ በላይ ደርሻለሁ። ስለ ኮዙሜል የማውቀው ከወደቡ በር ዋይፋይ እስካለው አንድ ካፌ ድረስ ያለውን መንገድ ነው። መርከብ ወደብ ላይ ሲቆም ሁሉም ሠራተኛ አይወርድም። እሳት ቢነሳ፣ አደጋ ቢመጣ መርከቡን የሚጠብቅ ሰው በተራ ይቀራል። ተራህ ሲሆን ሜክሲኮን ለማየት መስኮት ፈልገህ መሄድ አለብህ፣ ካቢንህ መስኮት የለውማ። ተራህ ካልሆነ ደግሞ በምሳና በራት መካከል ያለችህ ሁለት ሰዓት ተኩል ናት። ልብስ መቀየሩ፣ በፍተሻ ማለፉ፣ መመለሱ ከእሷ ላይ ይቀነሳል። ወይ ትወርዳለህ ወይ ትተኛለህ። አብዛኛውን ጊዜ ተኛሁ።

ፎቶዎቹስ ትላለህ። እኔም ለጥፌአለሁ። ባሃማስ፣ ናሳው ላይ በነጭ ሸሚዝ የተነሳሁት እስከ ዛሬ የፕሮፋይል ፎቶዬ ነው። ያነሳኝ በአንድ ካቢን አብሮኝ የሚተኛው ኢንዶኔዥያዊ ጓደኛዬ ነበር፤ እኔም እሱን አነሳሁት፣ ከዚያ ሁለታችንም እየሮጥን ተመለስን። ሩጫው ፎቶው ላይ አይታይም።

ማያሚ የምንገባበትን ቀን ደግሞ ጭራሽ አላነሳኸውም። ጠዋት ሦስት ሺህ ሰው ይወርዳል፣ ከሰዓት ሌላ ሦስት ሺህ ሰው ይገባል። በመካከሉ ባለችው ሰዓት መርከቡ በሙሉ አዲስ መሆን አለበት። ከታች ሠራተኛው የሚመላለስበት ረጅም መተላለፊያ አለ፤ በአሜሪካኖቹ አውራ ጎዳና ስም «አይ ናይንቲ ፋይቭ» እንለዋለን። ያን ቀን የክፍል አጽጂዎቹ አንሶላ ተሸክመው ሲሮጡበት ብታይ የጃን ሜዳ ሩጫ ይመስልሃል።

«የሥራ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ሕግ የተገደበ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጽሑፍህ ትልቁ ማታለያ እዚህ ነውና፣ አውቀህ ይሁን ሳታውቅ እንጃ።

ሕጉ አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ነው፣ ከኦገስት 2013 ጀምሮ ይሠራበታል። አንተ «በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል» ብለህ ጠቅሰኸዋል። ቁጥሩ ልክ ነው። ሲነገርም ደስ ይላል። ግን ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 77ን ቀንስለት። 91 ይቀራል።

91 ሰዓት ሥራ! የኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት 48 ሰዓት ነው የሚለው፤ በዚያ ላይ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት የሳምንት ዕረፍት አለው። እርግጥ ስምምነቱ ሌላም አማራጭ ይሰጣል። መርከቡ የተመዘገበበት አገር ከፈለገ ዕረፍቱን ሳይሆን ሥራውን ቆጥሮ «በሳምንት ከ72 ሰዓት አይበልጥም» ማለት ይችላል። የሚገርመው ያው ስምምነት ሲጀምር የባሕር ሠራተኛም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መደበኛ ልኩ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት ነው ይላል። ትንሽ ዝቅ ስትል ነው 91 የሚመጣው።

የእኔን ቀን ልንገርህ። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቁርስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ተኩል። ምሳ ከ5 ተኩል እስከ 8 ተኩል። ራት ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 5። ሲደመር 13 ሰዓት ነው። በሰባት ቀን አባዛው። 91። አለቃዬ ሕግ አልጣሰም እኮ። እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ በሜትር ለክቶ፣ ሕጉን ልክ በቁመቴ ነው የሰፋልኝ።

አሁን ዕረፍቷን እንያት። ሕጉ በቀን ቢያንስ 10 ሰዓት ይሁን፣ ከሁለት በላይ አይቆራረጥ፣ አንዱ ቁራጭ ከ6 ሰዓት አይነስ ይላል። እኔ ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል አለኝ፣ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል። 10 ሞላ። ግን ማታ 5 ሰዓት ማለት የመጨረሻው ተሳፋሪ የሚነሳበት ሰዓት ማለት አይደለም። ስምንት ሰው ከቦ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ወይን እያስጨመረ ቢያመሽ «በቃ ተነሱ» አይባልም። እነሱ ሲነሱ የነገው ጠረጴዛ ይዘጋጃል። ከዚያ ሻወር፣ ከዚያ ለእናቴ ድምፅ መላክ፣ ከዚያ እግሬ መምታቱን እስኪያቆም መጠበቅ። አምስት ሰዓት ሙሉ የተኛሁበት ሌሊት እንደ በዓል ነበር።

የከሰዓቷ ሁለት ሰዓት ተኩልም የእኔ ብቻ አልነበረችም። የሕይወት አድን ጀልባ ልምምድ አለ፣ የእሳት ልምምድ አለ፣ ስለ እጅ መታጠብ ስልጠና አለ፣ የካቢን ፍተሻ አለ። ልምምድ አያስፈልግም አልልም፣ የሰው ነፍስ ነው። ሕጉም ልምምዱ የሠራተኛውን ዕረፍት በተቻለ መጠን እንዳይረብሽ ይደረግ ይላል። ጆሮህ ሥር የሚጮህ ደወል እንዴት ሳይረብሽ እንደሚጮህ ግን እስካሁን ያስረዳኝ የለም። ደግሞ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ የመርከቡ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ያን ሌሊት አንድ ሰዓት እንቅልፍህ ባሕር ገባ ማለት ነው። ስንመለስ ይመለስልሃል ይሉሃል። ስንመለስ ተሳፋሪው የተመለሰችውን ሰዓት ባር ውስጥ ይጨርሳታል።

«ሰዓቱ በሲስተም ይመዘገባል፣ ማጭበርበር አይቻልም» ብለሃል። መመዝገቡንስ ይመዘገባል። ኃላፊው መጥቶ «ቀይ አሳይቶብሃል፣ ውጣና ተመለስ» ሲልህ ምን ማለቱ እንደሆነ የመርከብ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቀዩ ሰዓትህ ከሕጉ አልፏል ማለት ነው፤ ሲስተሙ ላይ ከሥራ ወጣሁ ብለህ መውጫ ትመታለህ፣ ትሪውን ይዘህ ትቀጥላለህ። እኔ ይህን ስንቴ እንዳደረግሁት አልቆጠርኩም። ማልሞ፣ ስዊድን የሚገኘው የዓለም የባሕር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት ለነገሩ ስም አውጥቶለታል፦ «የማስተካከል ባህል»። ጥናቱ የክሩዝ ብቻ አይደለም፣ የባሕር ሥራውን በጠቅላላ ነው ያየው። የሥራና የዕረፍት መዝገብን ከሕጉ ጋር እንዲገጥም አድርጎ መሙላት የተለመደ ሆኖ ነው ያገኘው። እንግዲህ አንተ ማስረጃ ብለህ ያቀረብክልን ይህን መዝገብ ነው።

«ምግብና መኝታ ነጻ ነው»

ምግቡ ነጻ ነው። ሩዝ በየዓይነቱ አለ። ፊሊፒኖችና ኢንዶኔዥያውያን ስለሚበዙ ወጥ ቤቱ በእነሱ ምላስ ይሠራል፣ ተገቢም ነው። እኔ በሻንጣዬ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ይዤ ነበር የገባሁት፤ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ሕንዶቹ ጓደኞቼ ጨረሱት።

መኝታው ላይ ግን ቆም በል። ያው የምትመካበት ስምምነት እያንዳንዱ መርከበኛ የራሱ የመኝታ ክፍል እንዲኖረው ያዛል፣ ከተሳፋሪ መርከብ በስተቀር። የመኝታ ክፍል ከውኃው መስመር በላይ ይሁን ይላል፤ የተሳፋሪ መርከብ ሲሆን ግን መብራትና አየር በበቂ ከተሟላ ከውኃው መስመር በታችም ሊፈቀድ ይችላል። ልብ በል። ሺህ የሚያምር መስኮት ያለው መርከብ ላይ ነው ለሠራተኛው ይህ የተፈቀደው። አንተ ደግሞ ባሕር ዳር ተምረው በጭነት መርከብ የሚሠሩትን የማሪን ኢንጂነሮቻችንን አንስተህ «እነሱ መቼ አማረሩ» ትላለህ። እነሱ መኮንኖች ናቸው፣ በራቸውን ዘግተው ይተኛሉ። የራሳቸው ፈተና አላቸው፣ እሱን እነሱ ይንገሩን። እኔ በስምንት ወር ውስጥ ብቻዬን የሆንኩበት ቦታ ሽንት ቤት ብቻ ነበር፤ እዚያም ያንኳኩ ነበር።

ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ስልክ ቁጥሩም

«ተሳፋሪው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ጉርሻ ይከፍላል፣ ያ ሁሉ ኪስህ ይገባል» ብለሃል። ሂሳቡ እውነት ነው፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በየቀኑ ይቆረጥበታል። ኪሴ ውስጥ የሚገባው ግን በሌላ መንገድ ነው። ጉርሻው ተሰብስቦ ለብዙ የሥራ ክፍል ይከፋፈላል። በእኔ ውል ላይ «ደመወዝ» ተብሎ ከተጻፈው ቁጥር አብዛኛው ራሱ የሚሞላው ከዚያው ጉርሻ ነበር። በሌላ አነጋገር ተሳፋሪው ጨምሮ የሰጠኝ ይመስለዋል፣ እሱ ግን ድርጅቱን ነው ያገዘው። ካልተመቸው ደግሞ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ ማስቀነስ ይችላል፣ አስቀንሶም ቡናውን ይጠጣል።

«የአሜሪካ ደመወዝ» የምትለው ነገር ደግሞ የለም። መርከቡ ማያሚ ይቆማል፣ ተሳፋሪው አሜሪካዊ ነው፣ ዋናው ቢሮ እዚያው ነው፤ ባንዲራው ግን የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የቤርሙዳ ወይም የማልታ ነው። ትልልቆቹ የክሩዝ ድርጅቶች ራሳቸው፣ ካርኒቫል ለብዙ ዘመን ተመዝግቦ የኖረው ፓናማ ነው፣ ሮያል ካሪቢያን ደግሞ ላይቤሪያ። የአሜሪካን ባንዲራ የሚያውለበልብ አንድ ትልቅ የውቅያኖስ ክሩዝ አለ፣ ሃዋይን የሚዞረው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ። እሱ ላይ ሠራተኛው በብዛት አሜሪካዊ ነው፣ የአሜሪካ የደመወዝ ሕግም ይሠራል። ሳህኑ ያው ሳህን ነው። በሌሎቹ ላይ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 673 ዶላር ነበር፤ እሱም የተሰላው ለሠለጠነ የመርከብ ወለል ሠራተኛ እንጂ ለአስተናጋጅ አይደለም።

አሁን ወደ ስልክ ቁጥሩ። ደወልኩ። በጨዋነት የመለሰልኝ ልጅ «ለፕሮሰስ» የሚከፈለውን ነገረኝ፣ ቪዛውን ጨምሮ። ቁጥሩን አልጽፈውም፣ ሰው ያሳብዳል። ያው በጽሑፍህ ደጋግመህ የጠቀስከው ስምምነት ለባሕር ሠራተኛ ሥራ በማስገኘት ስም ከራሱ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በዘወርዋራ ክፍያ መቀበል ክልክል ነው ይላል። ሠራተኛው እንዲከፍል ሊደረግ የሚችለው ለጤና ምርመራ የምስክር ወረቀት፣ ለመርከበኛ ደብተርና ለፓስፖርት ብቻ ነው። ቪዛውን የሚከፍለው የመርከቡ ባለቤት ነው። ሰዓቱ ላይ ሕጉን ጠቅሰህ፣ ክፍያው ላይ ሕጉን ረሳኸው። ወንድሜ፣ እንዲህ ዓይነት መርሳት ያጋጥማል?

«ጭንቀት የሰነፍ ሰበብ ነው»

የጻፍከውን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «በረሃ አቋርጦ የሚሄድ የሀበሻ ልጅ ባለበት አገር፣ ኤሲ ክፍል ውስጥ ትሪ ተሸክሞ ተጨነቅኩ ማለት ነውር ነው።»

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ።

ትሪ መሸከም አያስጨንቅም። አዲስ አበባም ተሸክሜአለሁ፣ ዱባይም። ዱባይ ስሠራ አለቃዬ ከዚህኛው ይከፋ ነበር። ግን ማታ ከሥራ ወጥቼ እንጀራ የሚሸጥበት ቤት እሄዳለሁ፣ ስለሱ እያማሁ እስቃለሁ፣ ጠዋት ደህና እሆናለሁ። መርከብ ላይ መውጣት የሚባል ነገር የለም። የቆጣህ ኃላፊ ከአንተ ጋር በአንድ መተላለፊያ ያልፋል፣ በአንድ አዳራሽ ይበላል። የተጣላህ ልጅ ከአልጋህ በላይ ይገላበጣል። ሰኞ ማክሰኞ የለም፤ ቀኑ ኮዙሜል ነው፣ ናሳው ነው፣ ወይም «ባሕር ላይ» ነው። ረቡዕና ዓርብን የማውቀው እናቴ «ጾም ነው እኮ» ስትለኝ ነበር።

ከዚያ ፈገግታው አለ። ፈገግታ እዚያ የሥራ ግዴታ ነው፣ ይመዘናል። ተሳፋሪው ሲወርድ ቅጽ ይሞላል። ከ10 ዘጠኝ የሰጠህ ሰው ያመሰገነህ ይመስለዋል፣ አንተ ግን በማግስቱ ቢሮ ትጠራለህ። የአሜሪካ ጤና ተቆጣጣሪዎች ሳይነግሩ የሚመጡበት ቀን ደግሞ አለ። መርከቡ ከ100 ይመዘናል፣ 85 እና ከዚያ በታች ውድቀት ነው። ያን ሰሞን የወጥ ቤቱ ሰው በሙሉ የማትሪክ ፈተና ያለበት ነው የሚመስለው። ማንም አመመኝ አይልም። አሞህ ከሥራ ከቀረህ ሊያሳክሙህ፣ ደመወዝህንም ቢያንስ 16 ሳምንት ሊከፍሉህ ይገባል፣ ሕጉ ላይ አለ። ሁሉም የሚያስበው ግን አንድ ነገር ነው። «ታሞ የወረደ በሚቀጥለው ኮንትራት ይጠራል ወይ?» ስለዚህ ኪኒን ውጠህ ትገባለህ።

በመጀመሪያው ኮንትራት አምስተኛ ወር ላይ ያሳደገችኝ አያቴ ሞተች። አገር ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ሰው እንዳይወድቅ ደግፎ ነው። እኔ በምሳና በራት መካከል ስልኬን ስከፍት የአጎቴ ልጅ ፎቶዋን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ አየሁ። የሚደግፈኝ የካቢኑ ግድግዳ ነበር። ለቀብር መሄድ የማይታሰብ ነው፤ ቀጣዩ ወደብ ከነገ ወዲያ ነው፣ ከዚያም አዲስ አበባ እስክደርስ ሠልስቱም ያልፋል። ለኃላፊዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ዛሬ ሁለት ሰው ታሟል» አለኝ። 11 ሰዓት ላይ ገባሁ። ያን ማታ እኔ በማስተናግዳቸው ጠረጴዛዎች ላይ ሦስት ልደት ነበር። እያጨበጨብኩ ሦስት ጊዜ ዘፈንኩ። አንዷ ሴትዮ ቅጹ ላይ «ፈገግታው ልዩ ነው» ብላ ጽፋልኛለች፣ 10 ከ10። ጥርስ ባዳ ነው የሚሉት ይህን ነው። ሌሊቱን ኢንዶኔዥያዊው ጓደኛዬ ከላይኛው አልጋ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ አብሮኝ አደረ። እሱ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ሥራ ነበረው።

ይህ የእኔ ብቻ ከሆነ «ስሜታዊ ነህ» በለኝ። ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 1,572 የባሕር ሠራተኞችን ጠይቀው ነበር። ሩብ ያህሉ የድብርት ምልክት ነበረባቸው። ከአምስት አንዱ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ራሱን ስለመጉዳት ወይም ስለ ሞት አስቦ ያውቃል። ሁሉም የክሩዝ ሠራተኞች አይደሉም፤ በባሕር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ሰው ሰነፍ ነው ትለዋለህ?

የኮሮናውን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 2020ንም አስታውስ። እኔ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ የካቢን ጓደኛዬ ግን ነበረበት። ፌብሩዋሪ ላይ ጃፓን፣ ዮኮሃማ የቆመችው ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባል ክሩዝ ላይ ከ3,711 ሰው 712ቱ በኮሮና ተይዘዋል። ተሳፋሪው ክፍሉን ዘግቶ ሲቀመጥ ምግብ በየበሩ የሚያደርሰው ማን ነበር? ያው አስተናጋጁ፣ ማታ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ካቢን የሚተኛው። ማርች ላይ አሜሪካ ጉዞ አስቆመች። ተሳፋሪው ተሸኘ። ኤፕሪል ላይ በአሜሪካ ዳርቻ 100 ያህል መርከቦች ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን እንደያዙ ነበሩ፤ ቁጥሩን የተናገረው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ራሱ ነው። በመደበኛ አውሮፕላን መሄድ ስለማይፈቀድላቸው ድርጅቶቹ የተለየ በረራ መከራየት ነበረባቸው፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው ተባለ። ወራት አለፉ። አንድ መርከብ ላይ ሩማንያውያን ሠራተኞች የረሃብ አድማ መቱ። በዚያ ሜይ በተለያዩ መርከቦች ላይ ሕይወታቸውን ያጡ ሠራተኞች ነበሩ፣ አንዳንዶቹ በገዛ እጃቸው እንደሆነ ተዘግቧል። ጓደኛዬ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ድምፁ ይወርዳል። ሥራ ስላልነበረ ድካም አልነበረም። ኤሲም ነበር።

ለእውነት ለመመስከር ያህል፣ የተሻሻለም ነገር አለ። በእኔ ሁለተኛ ኮንትራት የሳተላይት ኢንተርኔት ፈጣን ሆኖ ነበር፣ የእናቴን ፊት ሳይቆራረጥ አየሁ። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮም ስምምነቱ በተቻለ መጠን ለመርከበኛው ኢንተርኔት እንዲቀርብለት፣ የሚከፈልበት ከሆነም ዋጋው ምክንያታዊ እንዲሆን ይላል። የሠራተኞች ባሩ ሳቅና ጭፈራም አንተ እንዳልከው ነው፣ ቢራው ርካሽ ነው። አንዳንዱ ልጅ ርካሽ መሆኑ ጎድቶታል።

«ችግር ካለ አሜሪካ ፍርድ ቤት አለ»

ይህቺን አጠር ላድርጋት። ሜይ 25፣ 2003 ማያሚ ወደብ ላይ ቆሞ የነበረው ኖርዌይ የሚባል ክሩዝ ቦይለሩ፣ ማለትም የእንፋሎት ማፍያው፣ ፈነዳ። ስምንት ሠራተኞች ሞቱ። ሌሎች ቆሰሉ። የፊሊፒን ተጎጂዎችና የሟች ቤተሰቦች እዚያው ፍሎሪዳ ከሰሱ። አሜሪካ ከ1920 ጀምሮ መርከበኛ በቸልተኝነት ሲጎዳ አሠሪውን እንዲከስ የሚፈቅድ ሕግ አላት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 ምን አለ? ውላችሁ ውስጥ ክርክር በፍርድ ቤት ሳይሆን በገላጋይ ዳኛ ይታይ የሚል የግልግል አንቀጽ አለ፣ ጉዳያችሁ ፊሊፒንስ በግልግል ይታይ። አደጋው ማያሚ፣ መርከቡ ማያሚ፣ ሙግቱ ማኒላ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት አንቀጽ በክሩዝ ውል ውስጥ እንደ ጨው የተለመደ ነው። የእኔም ውል ላይ ነበር። ስፈርም ግን ዓይኔ ደመወዙ ላይ ነበር፣ ገጹን አላነበብኩትም።

ጽሑፍህን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። 23 ዓመቱ ነው፣ ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። አትሂድ አላልኩትም፣ እንዴት ብዬ ልበለው፣ የእናቴን ጣሪያ አይቶታል። በስልክ ቁጥርህ በኩል እንዳይሄድ ግን ቃል አስገብቼዋለሁ። ውሉ ሲመጣለት ሳይፈርም እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ፤ የሳምንቱ ሰዓት 72 ነው ወይስ 91፣ ከደመወዙ ውስጥ ጉርሻው ስንት ነው፣ የግልግሉ ቦታ የት ነው፣ ተቀምጠን በጣት እየጠቆምን እናነበዋለን። ካቢን ውስጥ የታችኛው አልጋ ከደረሰው መጋረጃ ይዞ ይሂድ። ይህን ሁሉ አዳምጦኝ ሲያበቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በርበሬ ማስገባት ይቻላል ወይ? ሁለት ኪሎ ያዝ አልኩት።